«በቃ፣ አይባልም» ለተባለችው የድሬ ልጅ

«ጋሼ፣ እንዴት ነህ? አንተ አለችኝ ብለህ እንዳትቀየመኝ፤ የድሬ ልጅ ነኝ። የምኖረው ሳቢያን ነው፤ የምሠራው አንድ ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው። በጅቡቲ በኩል የሚገባ ዕቃ ሰነድ እንጨርሳለን፣ ከደንበኞቻችንም ጋር ሆነን ከውጭ እናዛለን። ከአቅራቢዎችና ከመርከብ ወኪሎች ጋር በእንግሊዝኛ የምጻጻፈው እኔ ነኝ። ተማሪ እያለሁ በእንግሊዝኛ የሚያህለኝ አልነበረም። አሁንም ቢሆን ፊደል አልስትም፣ ግሱን በጊዜው አስገባለሁ። አለቃዬ ግን የጻፍኩትን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ እያሰመረ ይመልስልኛል። ምኑ ነው የተሳሳተው ስለው ‹እንዲህ አይባልም› ይላል። ለምን አይባልም ስለው ‹በቃ፣ አይባልም›።

ባለፈው ሰሞን የባሰው መጣ። መለዋወጫ ያዘዝነው አንድ አቅራቢ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም ሲለን ‹ዊ ጌቭ ዩ አን ኦርደር› ብዬ ጻፍኩለት። ትዕዛዝ ሰጥተንህ ነበር ማለቴ ነው። ‹እኛ አብረናችሁ እንሠራለን እንጂ የእናንተ ታዛዦች አይደለንም› የሚል ነገር መለሰልኝ። አለቃዬ ሳቀ፤ እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። የተሰመረብኝን ሰብስቤ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ፦ ‹ጊቭ ዲሲዥን›፣ ‹ፔይድ ሳክሪፋይስ›፣ ‹ዳሜጅ አራይቭድ›፣ ‹ዳውት ኢንተርድ አስ›። እስቲ ንገረኝ፣ የትኛው ስም ከየትኛው ግስ ጋር እንደሚሄድ ሕግ አለው ወይስ የለውም? ከሌለው የለውም በለኝና ልረፍ።»

ቀይ እስክሪብቶ ያማረራት፣ ከድሬዳዋ

ልጄ፣ አንተ ማለትሽ አልከፋኝም። አሁን ሐረር ብቀመጥም ጉልበቴን የጨረስኩት ድሬ ሳስተምር ነው። ድሬ ላይ አንቱ ያለኝ ሰው ቢኖር ብር ሊበደረኝ የመጣ ብቻ ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ የልጅነቴ ነገር ትዝ አለኝ። እዚሁ ሐረር ያስተምረን የነበረ አንድ የሰላም ጓድ መምህር ነበር። አንድ ቀን አርፍጄ ገባሁና ለምን አረፈድክ ሲለኝ፣ ደረቴን ነፍቼ «ስሊፕ ቱክ ሚ» አልኩት፤ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሰውዬው ትንሽ አሰበና «ወዴት?» አለኝ። ክፍል ውስጥ አንድም ሰው አልሳቀም። ማን ይስቃል? ዓረፍተ ነገሩ ለሁላችንም ልክ ነበር። ባለቤት አለው፣ ግስ አለው፣ ተሳቢ አለው፣ ግሱም በኃላፊ ጊዜ ነው። እንቅልፍ ሰውን ወዴት እንደሚወስድ ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ያንቺም ነገር ይኸው ነው። ሕጉን ጠይቀሻልና ልመልስልሽ፦ የለም። አለቃሽ «በቃ፣ አይባልም» ማለቱ ቢያናድድም ውሸት አልነገረሽም። ግን «የለም» ብዬሽ እንድታርፊ አልፈልግም፤ ሕግ ባይኖረውም መላ አለው። መላው የሚጀምረው ደግሞ ከእንግሊዝኛው ሳይሆን ከአማርኛችን ነው።

እስቲ «ጣለ» የሚለውን ግስ አስቢው። ድንጋይ ጣለ ስንል በእጁ የነበረውን ወረወረ ማለታችን ነው። እሺ፣ ዝናብ ሲጥልስ? ሠርግ ሲደርስ ድንኳን እንጥላለን፤ ድንኳኑ ግን ይቆማል እንጂ አይወድቅም። በየወሩ እቁብ ትጥያለሽ። መንግሥት ቀረጥ ይጥላል፤ አንቺ ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ። በሰው ላይ እምነት ትጥያለሽ፣ በልጅሽ ላይ ተስፋሽን ትጥያለሽ፣ ሽማግሌዎቹ ዕጣ ይጥላሉ፣ ባለሀብቱ የፋብሪካ መሠረት ይጥላል። ግሱ አንድ ነው፣ ሥራው ግን ዘጠኝ ነው። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ሁሉ አንድ ግስ የለውም። ቀረጥ «ኢምፖዝ» ይደረጋል፣ እምነት «ፕሌስ» ይደረጋል፣ መሠረት «ሌይ»፣ ድንኳን «ፒች»፣ ዕጣ «ካስት» ወይም «ድሮው»። ተስፋ ደግሞ እንደ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ይሰካል፤ «ፒን» ነው ግሱ። የእቁቡን ለራሳቸው እንተውላቸው።

እዚህ ላይ ልብ በይ። «እምነት ጣለ» ስትዪ ውርወራ ትዝ ይልሻል? አይልሽም። ግሱ ከረቂቅ ስም ጋር ሲጣመር የራሱን ትርጉም ጥሎ የስሙ አሽከር ይሆናል። «ቃል ገባ» ሲባል የገባ ሰው የለም። «ተጽዕኖ አሳደረ» ሲባል ማንም እንግዳ አላሳደረም፤ ግሱ ግን ከ«አደረ» የመጣ የማሳደር ግስ ነው። በአማርኛ ይህን ስለማናስተውለው ደህና ነን። ችግሩ የሚመጣው ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገር ነው፤ ያ አሽከር ግስ ሳናስበው የድሮ ልብሱን ይለብስና ጌታ ሆኖ ብቅ ይላል። «ሰጠ» የሚለውን «ጊቭ» አደረግሽው፤ «ደረሰ» የሚለውን «አራይቭ»፣ «ገባ» የሚለውን «ኢንተር»። መዝገበ ቃላቱ አልዋሸሽም። ያልጠየቅሽውን ጥያቄ ነው የመለሰልሽ።

ብቻሽን አይደለሽም፣ ደግሞም የድሬ ብቻ ጣጣ አይደለም። ሃሮልድ ፓልመር የሚባል እንግሊዛዊ መምህር ጃፓን አገር ተቀምጦ እንዲህ ያሉ የቃላት ጥምሮችን በገፍ ሰብስቦ በ1933 እንደ ፈረንጆቹ ቶኪዮ ላይ ዘገባ አወጣ። የጃፓን ተማሪዎች ሰዋስዉንም ቃላቱንም እያወቁ የሚሰናከሉት በዚህ ላይ መሆኑን ስላየ ነው። ነገሩ በእነሱ አጠራር «ኮሎኬሽን» ይባላል። ፈርዝ የተባለው የለንደን ምሁር ደግሞ በ1957 ቃል የሚታወቀው አብሮት በሚውለው ቃል ነው ብሎ ጻፈ። እኛ ጓደኛህን ንገረኝና ማንነትህን እነግርሃለሁ የምንለውን ለቃል አደረገው ማለት ነው።

ወደዚያ አቅራቢሽ ልምጣ፤ እሱ ጥሩ ትምህርት ነው። «ኦርደር» እንደ «ትዕዛዝ» ሁሉ ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው፦ የሻለቃም ትዕዛዝ ነው፣ የሸማችም። ስሙ ብቻውን የትኛው እንደሆነ አይናገርም። የሚለየው ግሱ ነው። «ጊቭ» ካልሽ ሻለቃዋ አንቺ ነሽ፣ ወታደሩ እሱ ነው። «ፕሌስ» ካልሽ ግን ገዢ ነሽ። «ዊ ፕሌስድ አን ኦርደር ዊዝ ዩ ቱ ዊክስ አጎ» ብትዪው ኖሮ ይቅርታ ጠይቆ የመላኪያ ቀን ይነግርሽ ነበር። በእርግጥ «አን ኦርደር ፎር» ብለሽ የዕቃውን ዓይነትና ብዛት ብትጨምሪበት «ጌቭ»ም ያስኬድ ነበር፤ «ፎር» የምትለዋ ትንሽ ቃል ገበያ ውስጥ መሆናችሁን ታሳብቃለችና። አንቺ ግን «ዊ ጌቭ ዩ አን ኦርደር» ብለሽ ነጥብ አደረግሽበት። ሰውዬው ቢቆጣ አልፈርድበትም።

በዚያው «ኦርደር»ን እስከ መቃብሩ ተከተይው፦ ትዕዛዙን «ፕሌስ» ታደርጊያለሽ፣ አቅራቢው «ኮንፈርም» ያደርገዋል፣ ከዚያ «ሺፕ» ይደረጋል፤ ሐሳብሽን ከቀየርሽ «ካንስል» ታደርጊዋለሽ። እንዲህ የአንድን ስም ሙሉ ሕይወት ካወቅሽ አምስት ደብዳቤ መጻፍ ትችያለሽ። ለዚህ ነው ደብተርሽን ገልብጪው የምልሽ። አሁን ስህተቶችሽን በግስ ነው የያዝሻቸው። ከላይ ስሙን ጻፊ፣ ከሥሩ ባሎቹን ደርድሪ። ባሎቹ ማለቴ አይግረምሽ፤ አንዳንዱ ስም አራት አምስት ያገባል። አገር ምድሩን ሳይሆን ቢሮሽ ውስጥ በየቀኑ የሚመላለሱትን ሠላሳ አርባ ስሞች ብቻ ያዢ። ትዕዛዝ፣ ቅሬታ፣ ካሳ፣ ጉዳት፣ የጊዜ ገደብ፣ ስምምነት፣ ፈቃድ፣ ወጪ፣ መዘግየት... ከእነዚህ አታልፍም የትራንዚት ኑሮ።

ለምሳሌ የጊዜ ገደብን እንይ። እኛ የጊዜ ገደብ እናከብራለን ወይም እናሳልፋለን። እነሱ ግን «ሚት» ያደርጉታል፤ ቀጠሮ እንዳለው ሰው ይገናኙታል። ሲያልፋቸው «ሚስ» ይላሉ፤ እንደ ባቡር አመለጣቸው። ወጪን ደግሞ አንቺ «ወጪ ወጣብን» ትያለሽ፤ እነሱ «ኢንከር» የሚል ለክፉ ነገር ብቻ የተቀመጠ ግስ አላቸው፦ ዕዳ፣ ቅጣት፣ ወጪ። ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ሰንብቶ ዲመሬጅ፣ ማለትም የመዘግየት ክፍያ፣ ሲቆጠርባችሁ «ዊ ኢንከርድ ዲመሬጅ» ማለት ነው። ቅሬታን «ሜክ» ብትዪ ይበቃል፤ ወግ ካስፈለገሽ «ሎጅ» ወይም «ፋይል» በይ። ጉዳት ላይ ግን ተጠንቀቂ። «ዳሜጅ» አይቆጠርም፤ «ኤ» አትጨምሪበት፣ ብዙም አታድርጊው። «ዳሜጅስ» ካልሽ በሕግ ቋንቋ ካሳ ሆነ፤ ኢንሹራንሱ ጋ ስትጽፊ ይቺ አንዲት ፊደል ሌላ ነገር ታስብልሻለች።

አሁን «ዳሜጅ አራይቭድ»ን እናንሳ። እዚህ ውስጥ ከግስ ምርጫ የሰፋ ነገር አለ። አማርኛ ረቂቅ ስምን ባለቤት አድርጎ ሰውን ተሳቢ ማድረግ ይወዳል። ፍርሃት ያዘኝ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ጥርጣሬ ገባኝ፣ ሐሳብ ገባኝ፣ ድካም ተጫነኝ፣ ንዴት አነደደኝ። እኛ ቁጭ ብለን ነው ስሜቶቹ የሚመጡብን። እንግሊዝኛ ይህን ብዙ ጊዜ ይገለብጠዋል፤ ሰውዬው ባለቤት ይሆናል፣ ስሜቱን እሱ «ሃቭ» ያደርገዋል፣ ወይም ስሙ ጭራሽ ይጠፋና ቅጽል ይመጣል። «ዊ ሃቭ ዳውትስ አባውት ዘ ዌይት» በይ፤ ስለ ክብደቱ ጥርጣሬ አለን። እንቅልፍ አይወስድሽም፣ አንቺ ነሽ «ፎል» የምታደርጊው፤ «አይ ፌል አስሊፕ»። ጭነቱም ጉዳት አይደርስበትም፤ እሱ ነው ጉዳቱን የሚቀበለው፦ «ዘ ካርጎ ሰስቴይንድ ዳሜጅ»። ከሁሉ የቀለለው ደግሞ «ዘ ጉድስ ወር ዳሜጅድ» ብሎ መገላገል ነው። እንግዲህ ባማርኛ «እንዲህ ያለ ነገር ደረሰብን፣ ገባን፣ ያዘን» ብለሽ ስታስቢ ራስሽን ካገኘሽ፣ ግስ ከመፈለግሽ በፊት ባለቤቱን ቀይሪ። ግማሹ ቀይ መስመር በዚች ብቻ ይጠፋል ባይ ነኝ።

የድሬ ልጅ በመሆንሽ ሌላም ነገር አለብሽ። ቤትሽ ምን እንደሚነገር አልጻፍሽልኝም፤ ግን ሳቢያን አድገሽ ኦሮምኛ የማትሰሚ አትሆኚም። ኦሮምኛም «ዋዳ ገሉ» ይላል፤ ቃል መግባት፣ ያው መግባት ነው። «አብዲ ኩተቹ» ይላል፤ ተስፋ መቁረጥ፣ ያው መቁረጥ ነው። ሁለት ቋንቋ አንድ ሥዕል ሲሥል ሥዕሉ የዓለም ሁሉ ይመስልሻል። ሶማልኛ ጋ ስትደርሺ ግን «በለን ቃድ» ነው፤ ቃል ይነሳል፣ ይወሰዳል እንጂ አይገባም። እንግሊዝኛ ደግሞ ቃል ኪዳንን «ሜክ» ያደርጋል፣ ይሠራዋል፤ ተስፋን አይቆርጥም፣ «ሉዝ» ያደርገዋል ወይም «ጊቭ አፕ» ይላል። ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ጎረቤቴ የነበሩ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበሩ፤ ፈረንሳይኛቸው ከአማርኛቸው የሚበልጥ። ባቡሩ እንደ ፈረንጆቹ በ1902 መጨረሻ ድሬ ሲገባ ፈረንሳይኛን ይዞ ነው የገባው፤ የመሥሪያ ቤቱም ቋንቋ እሱ ነበር። እሳቸው እንግሊዝኛ ሲናገሩ ምንጊዜም «ቴክ ኤ ዲሲዥን» ነበር የሚሉት፤ ፈረንሳይኛው «ፕራንድር» ስለሚል፣ ውሳኔ ይወሰዳልና። እኔ ወጣቱ መምህር «ሜክ» ነው ብዬ አረምኳቸው። በኋላ ነው የገባኝ፦ አሜሪካኖች «ሜክ» ይላሉ፣ እንግሊዞች ግን ሁለቱንም ይላሉ፣ በተለይ ለከበደ ውሳኔ «ቴክ»ን። ሽማግሌው ተሳስተው ትክክል ነበሩ። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው አለፉ።

«ጊቭ ዲሲዥን» የሚለውም ያንቺ ጭራሽ ስህተት ነው አይባልም። ዳኛ ወይም የኳስ ዳኛ በእንግሊዝኛም ውሳኔ «ጊቭ» ያደርጋል። ለአንቺ ቢሮ ግን «ሜክ» ነው። ከሁሉም «ዊ ዲሳይድድ» ይሻላል፤ ወሰንን። ይህንን ማንም አይነግርሽም፤ ስሙና ግሱ አልጣጣም ሲሉሽ ስሙን ትተሽ ግሱን ብቻ ያዢ። «ዊ ኮምፕሌይንድ»፣ «ዊ አግሪድ»፣ «ዊ አፖሎጃይዝ»። ደብዳቤው ያጥራል፣ ስህተቱም ይሸሻል። ስሙ የሚያስፈልግሽ ቅጽል ስትሰኪበት ነው፦ «የመጨረሻ ውሳኔ»፣ «የጽሑፍ ስምምነት»። «ዊ ሪችድ ኤ ሪትን አግሪመንት» ብትዪ በአንድ ግስ የማይባለውን ትያለሽ። ሌላ ጊዜ ግን የስም ግርግር ምን ይሠራል? የእኛ የቢሮ እንግሊዝኛ ይኸን በሽታ ከቢሮ አማርኛችን ነው የወረሰው። «የማጓጓዝ ሥራ ተከናወነ» ከማለት «ተጓጓዘ» ማለት የሚያሳፍር ይመስል፣ እንግሊዝኛውንም «ፐርፎርም» እና «ኮንዳክት» አጨናንቀነዋል። አጓጓዛችሁ? አጓጓዝን በሉ፣ አቦ!

«ዱ» እና «ሜክ» ላይ የተማርሽውን ሕግ ታስታውሻለሽ፤ ለድርጊት «ዱ»፣ ለሚሠራ ነገር «ሜክ»። እኔም ዓመታት አስተምሬዋለሁ፣ አሁን ግን እጸጸትበታለሁ። «ዱ ቢዝነስ»፣ «ዱ ሪሰርች» ጋ ይሠራል። «ሜክ አን ኤፈርት» ስትይ ግን ምን ተሠራ? ጥረት ብቻ። «ዱ ዳሜጅ» ስትይስ? የተሰበረ ዕቃ በእጅሽ አለ፣ ግሱ ግን «ዱ» ነው። ሕጉ በር ድረስ ይሸኝሻል፣ ቤት አያስገባሽም።

ከዚያ ይልቅ ግሶች የሚወዱትን ሰፈር ማወቅ ይረዳል። «ኮዝ» የሚለው ግስ ክፉ ጎረቤት ይወዳል። እንደ ፈረንጆቹ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ጆን ሲንክሌርና ባልደረቦቹ ሚሊዮን ቃላት በኮምፒውተር ሲያበጥሩ ነው እንዲህ ዓይነቱ ነገር መታየት የጀመረው፤ ማይክል ስታብስ ደግሞ ይህንን ስለ «ኮዝ» አሳየ፦ ችግር፣ ጉዳት፣ መዘግየት፣ ሞት። «ኮዝ ሃፒነስ» ማንንም አያስደስትም። አሁን አትገረሚ፣ እኛም አለን። «አስከተለ» ለክፉ ነው፤ ጦርነቱ ረኃብ አስከተለ። ለመልካሙ «አስገኘ» አለን፤ ንግዱ ትርፍ አስገኘ። «ሥራው ትርፍ አስከተለብን» ያለ ሰው ወይ ቀልደኛ ነው ወይ ግብር ከፋይ። «አደረሰ»ም ጉዳትና በደል ያደርሳል፤ በበዓል ቀን ብቻ «እንኳን አደረሰሽ» ይሆንና ይታረቀናል። ስለዚህ ለዝናቡና ለመዘግየቱ «ኮዝ»ን ሳትፈሪ ተጠቀሚበት፤ «ሄቪ ሬይን ኮዝድ ኤ ዲሌይ» የተስተካከለ የትራንዚት እንግሊዝኛ ነው። ለደንበኛሽ ያመጣሽለትን ጥቅም ግን «ብሪንግ» በይው።

«ፔይ» ደግሞ ገንዘብ የሌለበት ገበያ አለው። እንግሊዞች ትኩረትን ይከፍላሉ፤ እኛ እንሰጣለን። ጉብኝትን ይከፍላሉ፤ እኛ እናደርጋለን። አድናቆትንም ይከፍላሉ። እኛ ደግሞ እነሱ የማይከፍሉትን እንከፍላለን፦ መስዋዕትነት። እነሱ መስዋዕትነትን «ሜክ» ያደርጋሉ። አንድ ላይ የምንከፍለው «ዋጋ»ን ነው፤ «ፔይ ዘ ፕራይስ»። ዕውቀትን በአማርኛ እንገበያለን፤ እንግሊዝኛው ላይ ግን «ባይ ኖውሌጅ» ካልሽ ከቀፊራ ገበያ በኪሎ ያመጣሽው ይመስላል። «ገይን» ወይም «አኳየር» ነው። «ለርን ኖውሌጅ»ም አይሆንም፤ ይቺን ተማሪዎቼ እስከ ዛሬ ይጽፉልኛል።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ሁሉም ወጥመድ አይደለም። ዜና ላይ የምትሰሚያቸው፣ አያትሽ የማይሏቸው አማርኛዎች አሉ፦ «ሚና ተጫወተ» ዓይነት። ሚና ድራማ ቤት እንጂ ሌላ የት ይጫወታል? ይህ ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የመጣ ነው፤ ስለዚህ ወደ ቤቱ ስትመልሺው ያለ ስህተት ይገባል፤ «ፕለይ ኤ ሮል»። «እርምጃ ወሰደ»፣ «ትኩረት ሳበ»፣ «ጥያቄ አነሳ»፣ «ስምምነት ላይ ደረሰ» የሚሉትንም ቃል በቃል ብትመልሻቸው አያሳፍሩሽም። ታዲያ ልማዴ አድርጌዋለሁ፦ አማርኛው ለጆሮዬ የጋዜጣ ሲሸትት እንግሊዝኛው ቀጥተኛ ነው፣ የአያቴ ሲሸትት ግን ቆም ብዬ እጠይቃለሁ። ተስፋ መቁረጥ፣ ቃል መግባት፣ ቂም መያዝ የአያቴ ናቸው። ከእነዚህ ቂም ብቻ በአጋጣሚ ገጥሞልናል፤ እነሱም ቂምን «ሆልድ» ያደርጋሉ። ቂም የትም አገር ይያዛል መሰለኝ።

ፍለጋውን እንዴት እንደምታደርጊ ልንገርሽና ልብቃ። «ሰጠ»ን በመዝገበ ቃላት አትፈልጊ። ስሙን፣ «ኮምፕሌይንት»ን ፈልጊ፣ ከሥሩ ያሉትን ምሳሌዎች አንብቢ። ለተማሪ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በስልክሽ በነፃ ታገኛለሽ፤ ለቃላት ጥምር ብቻ የተሠራም አለ፣ ስሙን ስትጽፊለት የሚያገቡትን ግሶች ይዘረግፍልሻል። የትርጉም ማሽን ከተጠቀምሽ አንድ ቃል አትስጪው፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስጪው፤ በአንድ ቃል ያው እንደ አሮጌው መዝገበ ቃላት ነው የሚመልስልሽ። ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት ግን ኢሜይልሽ ውስጥ ተኝቷል። እንግሊዝኛ አፍ የፈቱ ደንበኞች ይጽፉልሽ የለ? ከእነሱ ደብዳቤ በቀን ሁለት ጥምር ብቻ ቅጂ። አቅራቢው ቢቆጣሽም የመለሰልሽን አታጥፊው፤ እሱም ውስጥ ሁለት ሦስት አይጠፋም። ጥምሩን ስትቀጂ ጅራቱንም ቅጂ፦ «ፔይ አቴንሽን ቱ»፣ «ቴክ ሪስፖንሲቢሊቲ ፎር»። ጅራቱ ከተቆረጠ ቀይ እስክሪብቶው ይመለሳል።

ለአቅራቢው ዛሬውኑ ጻፊለት። ረጅም ይቅርታ አያስፈልገውም። «ሶሪ ፎር ዘ ሚስአንደርስታንዲንግ፤ ዊ ሜንት ዘ ኦርደር ዊ ፕሌስድ ዊዝ ዩ» ካልሽው ነገሩ ይገባዋል፤ ከዚያ የዕቃውን ዝርዝርና ቀኑን አስቀምጪ።

ስለ አለቃሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የራሱን ኢሜይሎች ቀስ ብለሽ እያቸው፤ «ዲስከስ አባውት» የሚል ታገኚ ይሆን? አብዛኞቻችን እንጽፈዋለን፤ «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» የሚለው አማርኛችን ነው «አባውት»ን የሚጎትተው። «ዲስከስ» ግን «አባውት» አይፈልግም፤ ስሙን በቀጥታ ይወስዳል። ካገኘሽ ቀይ እስክሪብቶውን ተዋሽው። ለምን ሲልሽ መልሱን ታውቂዋለሽ።